ፍራንሷ ማሪ ራኡል፥ ብርድን የለካው የግረኖብል መምህር

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በቦሌ ወይም በኮተቤ በኩል ካሉት ትምህርት ቤቶች ባንዱ የኬሚስትሪ ክፍል ከፍቶ የገባ ሰው፥ ትናንት ውሃ መስሎ የተቀመጠው የንጹሕ አሴቲክ አሲድ ጠርሙስ ዛሬ ረግቶ በረዶ መስሎ ሊያገኘው ይችላል። በባልዲ ያለው ውሃ ሳይረጋ አሲዱ መርጋቱ ተአምር አይደለም። የአቼቶ መኮምጠጥ የሚመጣው ከዚህ አሲድ ነው፤ ንጹሕ ሲሆን የሚረጋው ገና 16.6 ዲግሪ ላይ ነውና፥ የአዲስ አበባ የበጋ ሌሊት ይበቃዋል። ነገር ግን በዚያው ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጨው ቢሟማበት፥ ለመርጋት ከዚያ የባሰ ብርድ ይፈልጋል። ምን ያህል የባሰ? ስለ ምንስ? ይህን ጥያቄ ይዞ ዓመታት የደከመው ሰው ፍራንሷ ማሪ ራኡል ነው። ተማሪዎቻችን በራኡልት ሕግ ስሙን ያውቁታል፤ ፈረንሳዮች ግን የመጨረሻዋን ፊደል ይጽፏታል እንጂ አያነቧትም።

ራኡል በ1830 ዓመተ ምሕረት (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ፈረንሳይ ፉርን በምትባል መንደር ተወለደ። ሀብት አልነበረውም። በ1853 ራንስ በሚባል ከተማ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን የሚያስጠና ረዳት ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1862 በሳንስ ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ሆነ። ቀን እያስተማረ በትርፍ ጊዜው ስለ ባትሪ ኤሌክትሪክ ጥናት አዘጋጅቶ በ1863 ከፓሪስ የዶክትርና ማዕርግ ተቀበለ፤ ዕድሜው ያን ጊዜ 33 ነበር። ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ማታ ትምህርት የሚሮጥ ወጣት ሠራተኛ ይህን ኑሮ ሳይነገረው ያውቀዋል።

በ1867 ወደ ግረኖብል ተዛወረ። ከተማይቱ በአልፕ ተራሮች መካከል ያለች፥ ከፓሪስ የራቀች ናት። በ1870 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልተነሣም።

ጨው ውሃን ቶሎ እንዳይረጋ እንደሚከለክል ከራኡል በፊት የታወቀ ነገር ነበር፤ እንግሊዛዊው ብላግደን ጨው በበዛ ቁጥር ዲግሪው በዚያው ልክ እንደሚወርድ በ1788 አሳይቷል። ራኡልም በ1878 ያወጣው የመጀመሪያ ጽሑፉ በውሃና በጨው ላይ ነበር። አዲሱን መንገድ የከፈተው ግን ውሃን ትቶ ወደ ሌሎች ፈሳሾች በዞረ ጊዜ ነው፤ ወደ አሴቲክ አሲድ፥ ወደ ፎርሚክ አሲድ፥ ወደ ቤንዜን። (ይህ ቤንዜን መኪና ከሚጠጣው ቤንዚን ጋር አይምታታ፤ እሱ 5.5 ዲግሪ ላይ የሚረጋ አንድ ወጥ ቅመም ነው።) ሥራው የሚያሰለች ነው፤ መመዘን፥ ማሟማት፥ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ፥ እያማሰሉ የመጀመሪያዋን ፍሬ በረዶ መጠበቅ፥ ከቴርሞሜትሩ ላይ የዲግሪ መቶኛ ማንበብ፥ ከዚያም ጠርሙሱን አጥቦ እንደገና መጀመር።

ከዚህ ሁሉ ድካም ያገኘው ሕግ አጭር ነው። በአንድ ኪሎ ቤንዜን ውስጥ 12.8 ግራም ናፍታሊን፥ ከልብስ ሣጥን የምናውቀው ናፍታሊን፥ ቢሟማበት የሚረጋበት ዲግሪ በግማሽ ያህል ይወርዳል። በሌላ አንድ ኪሎ ውስጥ 15.2 ግራም ካምፎር ቢጨመርም የሚወርደው ያው ግማሽ ዲግሪ ነው። ክብደቱ ይለያያል፤ የሞለኪውሎቹ ቁጥር ግን እኩል ነው። በረዶው ሲሠራ የሚቀበለው የራሱን ወገን ብቻ ስለ ሆነ፥ እንግዶቹ ፈሳሹ ውስጥ ቀርተው ሥራውን ያዘገዩበታል፤ የሚያዘገዩትም በዓይነታቸው ሳይሆን በብዛታቸው ነው። እንግዲህ አንድ ያልታወቀ ቅመም ያገኘ ኬሚስት በቴርሞሜትር ብቻ የሞለኪውሉን ክብደት ሊያውቅ ቻለ። ራኡል ይህን ሙያ ክሪዮስኮፒ ብሎ ሰየመው። ዛሬም በዚሁ ዘዴ ውሃ የተቀላቀለበት ወተት ይያዛል፤ ወተት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ያህል ወርዶ ይረጋል፤ ውሃ በተጨመረበት መጠን ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ጨው ግን አስቸገረው። 34.2 ግራም ስኳር በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 0.19 ዲግሪ ያህል ያወርዳል። 5.85 ግራም የወጥ ጨው፥ በቁጥር ሲታሰብ ከስኳሩ ጋር እኩል መሆን ሲገባው፥ 0.35 ያህል ያወርዳል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ራኡል ነገሩን አልሸሸገውም፤ ሁለቱንም ዓይነት ቁጥር ጽፎ አወጣ። ምክንያቱን ሲፈልግ ግን ተሳሳተ፤ ትልቁን ቁጥር ደንበኛ፥ የስኳሩን ጎደሎ አድርጎ ገመተ። የተገላቢጦሽ መሆኑን ያስረዳው ስዊድናዊው ወጣት አሬኒየስ ነው፤ በ1887 ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ተከፍሎ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አዮኖች ይሆናል፥ ስለዚህ አንዱ እንደ ሁለት ይቆጠራል አለ። ብዙ ሊቃውንት ሊያምኑት አልፈለጉም፤ ከጠቀሙት ምስክሮች አንዱ የራኡል መዝገብ ነበር። በአሴቲክ አሲድ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አዮኖቹን ለያይቶ ለመያዝ እንደ ውሃ ኃይል ስለሌለው፥ አብዛኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀራሉ፤ ጨውም ያለ እጥፍ፥ እንደ አንድ ሞለኪውል ይቆጠራል። በመግቢያችን ያነሣነው ጠርሙስ ምስጢር ይህ ነው።

በዚያው በ1887፥ አዲስ አበባ ገና በምትቆረቆርበትና ቦሌም ሜዳ በነበረበት ጊዜ፥ ራኡል የፈሳሾችን ተን ስለሚመለከተው ሕጉ ጽፎ አወጣ፤ በትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራው ይህኛው ነው። በ1892 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የዴቪን ሜዳይ ሸለመው።

በ1901 በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያው የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለሆላንዳዊው ቫን ሆፍ ተሰጠ፤ ካሸለሙት ሥራዎች አንዱ በራኡል ልኬቶች የተደገፈው የሙሙት ፈሳሾች ጥናት ነው። አሬኒየስም በ1903 ተራው ደረሰው። ራኡል ግን ከመጀመሪያው ሽልማት ስምንት ወር ቀደም ብሎ፥ ኤፕሪል 1 ቀን 1901፥ እዚያው ግረኖብል ውስጥ በ70 ዓመቱ ሞቶ ነበር።