ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፦ ድምፃቸውን በሸክላ ያኖሩ ቀዳሚው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ

የቀድሞ ሸክላ ሙዚቃዎችን የሚሰበስቡ ሰዎች ተገናኝተው ስለሚያዳምጧቸው ሸክላዎች ሲጫወቱ፣ ወጋቸው ወደ ኋላ እየተጓዘ በመጨረሻ አንድ ስም ላይ ይደርሳል፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ወደ ጀርመን አገር ተጉዘው፣ ማሲንቆ እየመቱ ያዜሟቸውን ዜማዎች በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ናቸው። ወደዚያ የተላኩት ግን ለመዝፈን አልነበረም።

ከምንጃር እስከ ቤተ መንግሥት

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. በጤፍ ምርቷ በምትታወቀው በምንጃር፣ በሸዋ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ አደጉ። ለግጥም የፈጠነ አንደበት፣ ለማሲንቆ የተገራ እጅ ነበራቸው። ንግግራቸው በሰምና ወርቅ የተዋዛ ስለነበር፣ በጨዋታ መካከል የወረወሩት ቃል በሰው አፍ ተቀባብሎ ይዘልቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ማሲንቆ መያዝ ቀላል ነገር አልነበረም። ኅብረተሰቡ የአዝማሪን ዜማ ቢወድም ሙያውን ግን እንደ አንጥረኛው፣ እንደ ሸክላ ሠሪውና እንደ ቆዳ ፋቂው ሁሉ ዝቅ አድርጎ ይመለከት ነበር። ቤተ መንግሥት የሚገባ፣ ለሹመት የሚታጭ ሰው በአደባባይ ማሲንቆ ሲመታ መታየቱ የተለመደ አልነበረም። ተሰማ ሁለቱንም በአንድነት ይዘው ኖሩ።

ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት እንግዳ አልነበረም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ጥቅል ላይ ያስቀረጹት የሰላምታ መልእክት በ1891 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደምጧል። ንግሥቲቱ በጠየቁት መሠረት ጥቅሉ ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። ያ የንግሥት ድምፅ ዛሬ የለም፤ ከዚያ ቤተ መንግሥት የወጣው የወጣቱ ባለማሲንቆ ድምፅ ግን አለ።

ለመኪና ሄዶ በዜማ መመለስ

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባች። አፄ ምኒልክ ለአዳዲስ የእጅ ጥበቦች የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነውና፣ መኪና መንዳትንና መጠገንን ተምረው እንዲመለሱ ወደ ጀርመን ከተላኩት መካከል ተሰማ እሸቴ አንዱ ሆኑ። በዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸው በዚሁ ጊዜ ነው።

የዘመኑ አቀራረጽ ዛሬ ከሚታወቀው የተለየ ነበር። የኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ ለቀረጻ ገና አልዋለም ነበር። ዘፋኙ ፊቱን ወደ ትልቅ ጥሩንባ መሳይ ቀንድ አስጠግቶ ያዜማል፤ የድምፁ ንዝረት በቀንዱ ጫፍ ያለውን መርፌ ያንቀሳቅሰዋል፤ መርፌውም በሚሽከረከር የሰም ሰሌዳ ላይ ድምፁን እንደ ቀጭን ትልም እያረሰ ይሄዳል። ከሰሙ ላይ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ በዚያ ብረት ሸክላዎቹ ይታተማሉ። የሰምና ወርቁ ባለቅኔ ዜማም በመጀመሪያ ያረፈው በእውነተኛ ሰም ላይ ነበር።

አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ የሚሆን ዜማ ብቻ ነው። በማሲንቆ ጨዋታ ላይ ግን ግጥሙ እንደ ቤቱና እንደ እንግዳው ይረዝማል፣ ያጥራል፤ አድማጩ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙ ይቀበላል። ተሰማ ይህን ሁሉ ትተው፣ ቋንቋቸውን በማይሰሙ ባለሙያዎች ፊት፣ በቀንድ ውስጥ ብቻቸውን ማዜም ነበረባቸው።

ሸክላው ራሱ ከገጠር ሕይወት የራቀ አይደለም። ዋናው ማጣበቂያው በህንድና በአካባቢዋ አገሮች ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚያመነጩት ሙጫ መሳይ ነገር የሚገኝ ነው። ይህ ከደቀቀ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት ይታተማል። ከእጅ ከወደቀ እንደ እንስራ ይሰበራል፤ ሸክላ የሚለው ስምም ይስማማዋል።

ከልጅ ኢያሱ ጋር መውጣትና መውረድ

ተሰማ ከጀርመን ሲመለሱ የአፄ ምኒልክ ጤና ታውኮ፣ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሆነው ነበር። ተሰማም የልጅ ኢያሱ ባለሟል ሆኑ፤ ነጋድራስ ተብለውም ተሾሙ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ጉዳይ ኃላፊ በመሆኑ፣ ንግድ በግመልና በበቅሎ በሚጓዝበት በዚያ ዘመን ትልቅ ሹመት ነበር።

የልጅ ኢያሱ ታሪክ ጅጅጋንም ይነካል። ከሶማሌ የጎሳ መሪዎች ጋር ወዳጅነት ለመመሥረት ወደዚህ አካባቢ ይመላለሱ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከሥልጣን መውረዳቸው ሲታወጅም በሐረርና በጅጅጋ አካባቢ ነበሩ። ከልጅ ኢያሱ ውድቀት ጋር የነጋድራስ ተሰማም ክብር ወረደ። ኑሯቸው ከቤተ መንግሥት ርቆ ወደ ጅማ ዞረ።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በዚያው በጅማ ነው። ይድነቃቸው በኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ስመ ጥር ተጫዋች፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ፣ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጅ የአባቱን ግጥም በየሰው አፍ ተበትኖ እንዲቀር አልተወም፤ አሰባስቦ ለመጽሐፍ አበቃው።

ከዝምታ በኋላ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1957 ዓ.ም. በ88 ዓመታቸው ገደማ አረፉ። የአገሪቱ የሸክላ ሙዚቃ ያበበበትን ዘመን አላዩም። በ1940 ዓ.ም. በወጣው ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆኖ ቆይቶ ነበር። እሳቸው ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ደፍሮ፣ በአለማየሁ እሸቴ ድምፅ ጀምሮ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተመ። እነዚህ እንደ ቀድሞው የማይሰበሩ፣ ከቪኒል የተሠሩ ነበሩ። በ1970ዎቹ መግቢያ ካሴት ተተካና የሸክላው ዘመን አለፈ።

የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች ግን ጠፍተው አልቀሩም። ከተቀረጹ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ በ27ኛው ክፍል ዳግም ታትመው ወጡ። መርፌው በአሮጌው ትልም ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ፍጭት ከድምፃቸው ጋር አብሮ ይሰማል፤ ማሲንቆው ግን ይለያል፣ ቃሉም ይያዛል።

ይህ ታሪክ ለቱሊ ጉሌድና ለአካባቢው ሕዝብ ባዕድ አይደለም። የሶማሌ ጋበይ በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮና በቃል የኖረ ቅኔ ነው፤ የሚያቀርበው ሰው የገጣሚውን ስም አስቀድሞ ይጠራል፣ ቃሉንም ሳያዛባ የማድረስ ግዴታ አለበት። ይህ ሥርዓት ብዙ ግጥም ከነባለቤቱ አድኗል። የገጣሚውን የራሱን ድምፅ ግን ማንም አስታዋሽ ሊያድነው አይችልም።

ተሰማ እሸቴ በጀርመን ካስቀረጿቸው ጥቂት ዜማዎች ውጭ በሕይወታቸው ስንት እንዳዜሙ የሚቆጥር የለም። የቀረው በዚያ ቀንድ ፊት የተዜመው ብቻ ነው። ዛሬ በቱሊ ጉሌድ መስክ ከብት የሚያግድ ወጣት ሳይቀር ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ በኪሱ ይዟል፤ ጋበይ የሚያውቁ አረጋውያንም በየመንደሩ አሉ። ያን ጊዜ ባሕር ተሻግረው ያገኙት ዕድል ዛሬ በየዛፉ ጥላ ሥር ይገኛል።