ሮበርት ኮክ

ሮበርት ኮክ (ዲሴምበር 11 ቀን 1843 – ሜይ 27 ቀን 1910 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበር። የአባ ሰንጋን መንስኤ ከነሕይወት ዑደቱ ያሳየና የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያገኘ ሰው ሲሆን፣ በ1905 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ኮክ የተወለደው በሐርትስ ተራሮች በምትገኘው የማዕድን ከተማ ክላውስታል ነው። አባቱ በማዕድን ሥራ ላይ የነበረ ሲሆን ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ነበሩት። ኮክ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1866 ተመረቀ። ከመምህራኑ አንዱ የነበረው ያኮብ ሄንለ ተላላፊ በሽታዎች ከሕያዋን ተሕዋስያን ይመጣሉ ብሎ ገና በ1840 ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ማስረጃ አልነበረውም። ኮክ በ1867 ኤሚ ፍራትስን አገባና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በ1870 ፕሩሲያና ፈረንሳይ ሲዋጉ በሐኪምነት ዘመተ።

አባ ሰንጋ

በ1872 በቮልሽታይን ወረዳ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በፕሩሲያ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ናት። ዩኒቨርሲቲ፣ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ የሥራ ባልደረባ በአቅራቢያው አልነበረውም። ቀን ሕሙማንን ያያል፤ በትርፍ ጊዜው ከሕክምና ክፍሉ በመጋረጃ በለያት ጥግ ማይክሮስኮፑን ይዞ ይቀመጣል። በአካባቢው አባ ሰንጋ በጎችንና ከብቶችን ይፈጅ ነበር፤ ቆዳቸውን የሚገፉና ሥጋቸውን የሚነኩ ሰዎችም ይሞቱ ነበር።

በዚህ በሽታ በሞቱ እንስሳት ደም ውስጥ በትር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች መኖራቸው ከ1850 ገደማ ጀምሮ ታይቷል። ፈረንሳዊው ካዚሚር ዳቬንም የታመመ እንስሳ ደም ጤነኛውን እንደሚገድል አሳይቶ ነበር። ይሁን እንጂ ገዳዩ በትሩ ነው ወይስ በደሙ ያለ ሌላ ነገር የሚለው አልተለየም። ከዚህ የባሰ አስቸጋሪ ጥያቄም ነበር። አንዳንድ የግጦሽ መስኮች ለዓመታት ከብት ሳይረግጣቸው ቆይተው እንኳ እንደገና ይገድላሉ። በትሮቹ ግን ከደም ሲወጡ በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። ታዲያ በሽታው በመሬቱ ውስጥ ምን ሆኖ ይቆያል? ገበሬዎች መስኩ የተረገመ ነው ይሉ ነበር፤ ሐኪሞቹም የተሻለ መልስ አልነበራቸውም።

ኮክ የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች እጅግ ተራ ነበሩ። በእሳት ያጠራውን የእንጨት ስንጥር በሞተ እንስሳ የጣፊያ ደም ነክሮ በአይጥ ጭራ ሥር ያስገባል። አይጡ ይሞታል። ከሞተው አይጥ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ እያሻገረ እስከ 20 ድረስ አደረሰ፤ በትሮቹ በመጨረሻው አይጥ ውስጥም እንደ መጀመሪያው ሞልተው ተገኙ። የጤነኛ እንስሳ ደም የተሰጣቸው አይጦች በአባ ሰንጋ አልሞቱም። ቀጥሎ በትሮቹን ከእንስሳ አካል ውጭ ለማራባት ከታረደ በሬ ዓይን ውስጥ የሚገኘውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ወሰደ። ጠብታዋን በመስታወት ላይ አንጠልጥሎ፣ እንዳትደርቅ ጠብቆ፣ በሰውነት ሙቀት መጠን እያሞቀ ለሰዓታት ተመለከተ። በትሮቹ አድገው ረጃጅም ክሮች ሆኑ፤ በክሮቹም ውስጥ እንደ ዶቃ የተደረደሩ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ታዩ። እነዚህ ስፖሮች ናቸው። ድርቀትን ችለው ለዓመታት ይቆያሉ፤ አዲስ ፈሳሽና ሙቀት ሲያገኙ ደግሞ ተመልሰው በትር ይሆናሉ።

የመስኩ ምሥጢር በዚህ ተፈታ። ኮክ ስፖር እንዲፈጠር አየርና በቂ ሙቀት እንደሚያስፈልግ ስላየ፣ የሬሳ አያያዝም ዋና ጉዳይ ሆነ። ደሙ ካልፈሰሰና ሬሳው ካልተከፈተ ስፖሩ የሚፈጠርበት ዕድል ያንሳል። ዛሬም በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ከብት ከሞተ ሥጋው መበላትም ሆነ ቆዳው መገፈፍ የለበትም የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በኤፕሪል 1876፣ ገና የ32 ዓመት ሰው ሳለ፣ አይጦቹንና መስታወቶቹን ይዞ በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የእፅዋት ሊቅ ፈርዲናንድ ኮን ሄደ። ማንም የማያውቀው የገጠር ሐኪም ምርምሩን በፊታቸው ደግሞ አሳየ፤ ኮንም በዚያው ዓመት በራሱ መጽሔት አሳተመለት። አንድ የተወሰነ ባክቴሪያ የአንድ የተወሰነ በሽታ መንስኤ መሆኑ እንዲህ በተሟላ መንገድ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

በርሊንና ከፓስተር ጋር የነበረው ጠብ

በ1880 በበርሊን ወደሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጤና ቢሮ ተዛወረ። በዚያም ባክቴሪያዎችን በጠጣር ምግብ ላይ ለያይቶ የማሳደግ ዘዴን አዳበረ። በሙቀት የሚቀልጠውን ጀላቲን የተካው ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር ሲሆን፣ ሐሳቡ የመጣው ከረዳቱ ከቫልተር ሄሰ ሚስት ከፋኒ ሄሰ ነው። እርሷ ከማድ ቤት የምታውቀው ነገር ነበር፤ ዛሬ በየላቦራቶሪው ቢኖርም ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

በ1881 ሉዊ ፓስተር በፑዪ ለ ፎር በአደባባይ በጎችን በአባ ሰንጋ ክትባት አድኖ ዝናው ናኘ። ኮክ ግን ክትባቱ ንጹሕ አይደለም ብሎ ተቸ፤ የምድር ትሎች ስፖርን ወደ ላይ ያወጣሉ የሚለውንም የፓስተር ሐሳብ አልተቀበለም። በ1882 በጄኔቭ ሲገናኙ፣ ፓስተር የጀርመኖችን የጽሑፍ ስብስብ ሲጠቅስ ቃሉ የጀርመን ትዕቢት ተብሎ ስለተሰማ ጠቡ እንደ ተባባሰ ይነገራል። ከጀርባው የጦርነቱ ቂም ነበር። ክትባቱን በተመለከተ ግን ጊዜው ለፓስተር ፈረደ።

የሳንባ ነቀርሳና ቱበርኩሊን

ማርች 24 ቀን 1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን አስታወቀ። በ1883 እና 1884 ኮሌራን በግብፅና በካልካታ አጠና። በ1890 ግን ቱበርኩሊን የተባለ መድኃኒት አገኘሁ አለ፤ የተሠራበትንም ነገር ለጊዜው ደበቀ። ሕሙማን ወደ በርሊን ጎረፉ። መድኃኒቱ አላዳናቸውም፤ የሞቱም ነበሩ። በአባ ሰንጋ ላይ ያን ያህል የታገሠ ሰው በዚህ ላይ መቸኮሉ የሚያሳዝን ነው። ቱበርኩሊን ኋላ በሽታውን ለመመርመሪያ ጠቀመ።

በአፍሪካ

በ1896 መጨረሻ የከብት ደስታን ለማጥናት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጋበዘ። ይህ ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በቀይ ባሕር ጠረፍ ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት የፈጀውና ለክፉ ቀን ረሃብ ምክንያት የሆነው ወረርሽኝ ነው፤ አህጉሩን አቋርጦ እስከዚያ ደርሶ ነበር። ኮክ በኪምበርሊ በበሽታው ከሞቱ ከብቶች ሐሞት የሚዘጋጅ መከላከያ ሞከረ። በ1906 እና 1907 ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰሴ ደሴቶች የእንቅልፍ በሽታን በአቶክሲል ሲያክም፣ መጠኑ ሲጨመር ዓይናቸው የጠፋ ሕሙማን ነበሩ።

ኮክ በባደን ባደን በልብ ሕመም አረፈ። አመዱ የተቀበረው በበርሊን በስሙ በሚጠራው ተቋም ውስጥ ነው።