የጨጓራን ጨለማ የገለጡት ሐኪም

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ሆድ ያባው ነገር ምስጢር ሳይሆን ሕመም ሲሆን ግን ለብዙ ዘመን የሚያወጣው አልተገኘም። ሐኪም የታማሚውን ሆድ በእጁ ይጫናል፤ የበላውንና ያስመለሰውን ይጠይቃል፤ የሰውነቱን መክሳትና የፊቱን መገርጣት ያያል። ከዚያ በኋላ ያለው ግምት ነበር። የግምቱ ልክነት የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ ታማሚው ለቀዶ ሕክምና ሲከፈት ወይም ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ሲመረመር ነው። በሕይወት ያለን ሰው ጨጓራ፣ ሳይከፍቱና ሳይጎዱ፣ በዓይን ማየት የዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ እንዲሆን ዕድሜያቸውን የሰጡት ሰው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ሺንድለር ናቸው።

ሺንድለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 በበርሊን ከተማ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። አባታቸው ከአይሁድ ወገን ሲሆኑ እናታቸው ክርስቲያን ነበሩ። ይህ የዘር ሐረግ በወጣትነታቸው ዘመን እምብዛም ያላስጨነቃቸው ቢሆንም፣ በጎልማሳነታቸው ሀገር የሚያሳጣቸው ሆኖ ተገኘ።

የሕክምና ትምህርታቸውን እንደጨረሱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ሺንድለርም የጦር ሠራዊት ሐኪም ሆኑ። በዚያ ካስተዋሉት ነገር አንዱ ብዙ ወታደሮች የሚያሰሙት የሆድ ስሞታ ነበር። ከምግብ በኋላ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት። ቁስለት ያልተገኘበት፣ እጢም የሌለበት ሰው እንዲህ ሲሠቃይ ምን ይባላል? ሺንድለር የጨጓራ የውስጥ ሽፋን መቆጣት፣ ማለትም የጨጓራ ብግነት፣ በርካታ ሰው የሚያጠቃ እውነተኛ በሽታ ነው ብለው አመኑ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች ግን ይህን አይቀበሉም ነበር። ራጅ የሚያነሡት ባለሙያዎች በፊልሙ ላይ አላዩትም፤ ስለዚህ የለም የሚል ሐሳብ ገነነ። ክርክሩን የሚቆርጠው ወደ ውስጥ ገብቶ ማየት ብቻ ነበር።

ከእርሳቸው በፊት የሞከሩ ነበሩ። በ1868 አዶልፍ ኩስማውል የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም፣ በአደባባይ ሰይፍ እየዋጠ ትርዒት የሚያሳይን ሰው ተመልክተው፣ ሰይፍ ከገባ ቱቦም ይገባል ብለው አሰቡ። ትርዒተኛው 47 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የብረት ቱቦ ዋጠላቸው። ቱቦው ገባ፤ ብርሃኑ ግን አልደረሰም። ከውጭ በአልኮልና በተርፔንታይን የሚነድ ፋኖስ ያን ያህል ርቀት ወርዶ የጨጓራን ግድግዳ ሊያሳይ አልቻለም። በ1881 ደግሞ ዮሐን ሚኩሊች የተባሉ ቀዶ ሐኪም በቪየና ከአንድ የመሣሪያ ሠሪ ጋር ሆነው በኤሌክትሪክ የሚበራ ቱቦ አሠሩ። ጥቂት ካዩ በኋላ እርሳቸውም ትተውት ወደ ቀዶ ሕክምናቸው ተመለሱ።

ችግሩ ብርሃን ብቻ አልነበረም። ከአፍ እስከ ጨጓራ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጨጓራም ራሱ የተቆለመመ ከረጢት ነው። ቀጥ ያለ ብረት ወደዚያ ማስገባት ጠማማ ዋሻን በቀጥ ያለ ዘንግ እንደ መመርመር ነው። የምግብ ቧንቧ ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። ብረቱ ያንን ከበሳ የታማሚው ዕጣ በአብዛኛው ሞት ነበር፤ የተበሳን የምግብ ቧንቧ ተከትሎ የሚመጣውን ኢንፌክሽን የሚያቆም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በዚያ ዘመን አልነበረምና።

ሺንድለር ከጦርነቱ በኋላ በሙኒክ ከተማ፣ በሽቫቢንግ ሆስፒታል ሲሠሩ፣ የጀመሩት በዚሁ በሚያስፈራው ቀጥተኛ ብረት ነበር። በ1922 ከእርሳቸው በፊት የነበረን መሣሪያ አሻሽለው ሌንሱ በአክታና በፈሳሽ ሲሸፈን በአየር የሚጸዳበትን መንገድ ጨመሩበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀዳሚዎቻቸውን ካሰናከሉት እንቅፋቶች አንዱ የቆሸሸ ሌንስ ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ በ1923፣ በጨጓራ ውስጥ ያዩትን ሁሉ በቀለም ሥዕል ያሰፈረ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ፎቶግራፍ ከዚያ ጥልቀት ማንሣት በማይቻልበት ጊዜ፣ ጤናማ የጨጓራ ሽፋን ምን እንደሚመስል፣ የቁስለት ጠርዝ ከካንሰር ጠርዝ በምን እንደሚለይ ሐኪሞች ከዚያ መጽሐፍ ተማሩ።

መጽሐፉ ያስከተለው አደጋም አለ። ሥዕሎቹን አይተው የጓጉ፣ እጃቸው ግን ያልሠለጠነ ሐኪሞች ቀጥተኛውን ብረት ያዙ፤ የታማሚዎችን የምግብ ቧንቧ የበሱም ነበሩ። የሺንድለር እጅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ታወቀ። ሌላ ሰው በደኅና ሊይዘው የማይችል መሣሪያ፣ የፈለሰፈው ሰው የቱንም ያህል ቢካን፣ ለሕዝብ አይጠቅምም።

መፍትሔው የመጣው በበርሊን ከሚኖሩ ጌኦርግ ቮልፍ ከተባሉ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ጋር በመሥራት ነው። ምስልን በተጣመመ መንገድ ማሳለፍ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ቀደም ብሎ በሌሎች ዘንድ ታይቶ ነበር። አጭር የትኩረት ርቀት ያላቸው ብዙ ትናንሽ ሌንሶች ተቀራርበው ከተደረደሩ፣ በወንፈል የተሰለፉ ሰዎች ነዶ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ ሁሉ፣ አንዱ ሌንስ ምስሉን ለቀጣዩ ያቀብላል። ሰልፉ በመጠኑ ቢጎብጥም ነዶው አይወድቅም፤ ምስሉም አይጠፋም። አብዝቶ ከታጠፈ ግን ቅብብሎሹ ይቋረጣል።

ሁለቱ ሰዎች ሠርተው አፈረሱ፤ እንደገና ሠሩ። በ1932 ዓለም ሁሉ የተቀበለው መሣሪያ ተጠናቀቀ። ርዝመቱ 77 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከአፍ በኩል ያለው ግማሹ ጠንካራ ብረት፣ ወደ ጨጓራ የሚገባው ግማሹ ደግሞ በጎማ የተሸፈነ፣ እንደ ሽቦ ጥቅልል የሚተጣጠፍ ነበር። በውስጡ ከ40 በላይ ሌንሶች ተደርድረዋል። ጫፉ ላይ ቁርጥራጭ ነገር የማይወጋ ለስላሳ ጎማና ትንሽ የኤሌክትሪክ አምፖል ተገጥሞለታል። እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ ምስሉ አይበላሽም። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በብረቱና በምግብ ቧንቧው ግድግዳ መካከል የነበረውን ፍልሚያ ለማብረድ ግን በቂ ሆነ።

ምርመራው እንዲህ ይከናወን ነበር። ታማሚው ከሌሊት ጀምሮ ሳይበላ ይመጣል። ጉሮሮው በመድኃኒት ይደነዝዛል። በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ክፍሉ ይጨልማል። ከዚያም አንድ ሰው የታማሚውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ፣ መሣሪያው በሚሄድበት አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት ያቀናል። ታማሚው ቢደነግጥና ቢወራጭ ሁሉ ነገር የሚበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። ይህን የሚያደርጉት የሺንድለር ባለቤት ጋብሪዬለ ነበሩ። ታማሚውን እያረጋጉ፣ አንገቱን እያስተካከሉ፣ ባላቸው ዓይኑን በመነጽሩ ላይ ተክሎ ሲሠራ የሰውየውን ሕይወት የያዙት እጆች የእርሳቸው ነበሩ። የፈጠራው ታሪክ ሲነገር ስማቸው በጥቂት መስመር መታለፉ ተገቢ አይመስልም። ቆይቶ በአሜሪካ የዚህ ሙያ ነርሶች ማኅበር በስማቸው ሽልማት ሰይሞላቸዋል።

መሣሪያው በተጠናቀቀ በዓመቱ ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ያዙ። የአይሁድ ደም ያለበት ሰው ከሆስፒታልም፣ ከዩኒቨርሲቲም፣ ከፍርድ ቤትም ይገፋ ጀመር። በመላው አውሮፓ ያሉ ሐኪሞች ሊማሩ ወደ እርሳቸው ይመጡ የነበሩት ሺንድለር በ1934 ታሰሩ። የታሰሩበት ምክንያት በሥራቸው ጥፋት ስለ ተገኘባቸው አልነበረም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሐኪሞች፣ በተለይም ማሪ ኦርትማየርና ዋልተር ፓልመር፣ ሥራቸውን ያውቁ ነበርና ወደ አሜሪካ የሚመጡበትን መንገድ አመቻቹ። በዚያው ዓመት ሺንድለር ከቤተሰባቸው ጋር ቺካጎ ገቡ። ጀርመን በዚህ ሙያ የነበራትን ቀዳሚነት በገዛ እጇ አሳልፋ ሰጠች።

ሺንድለር በቺካጎ አዲስ ትውልድ አሠለጠኑ። በ1937 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ የሙያው መመሪያ ሆነ። የሙኒኩን ትምህርት አልረሱትምና ያለ ሥልጠና መሣሪያውን መንካት ክልክል ነው በሚል ጽኑ አቋም ቆዩ። የምርመራውን ደኅንነት ለሚጠራጠሩትም መልስ የሰጡት በቁጥር ነው። መሣሪያውን ከሚጠቀሙ ሐኪሞች መረጃ ሰብስበው በ1940 ባወጡት ዘገባ፣ ከ22,351 ምርመራዎች መካከል ለሞት ያበቃው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ1941 ደግሞ የአሜሪካ የጨጓራ ምርመራ ሐኪሞችን ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር ስሙን እየለወጠ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

መሣሪያው የማያየው ነገር ግን ብዙ ነበር። የጨጓራን አንዳንድ ጥግ ጨርሶ አይደርስበትም፤ ቁስለት የሚበዛበትን የትንሹ አንጀት መግቢያም አያሳይም። ሌላም ጉድለት አለ። ሺንድለር የጨጓራ ብግነትን በዓይን በሚታየው መልክ ብቻ በሦስት ከፍለውት ነበር፤ ላይ ላዩን የተቆጣ፣ ሽፋኑ የሳሳ፣ ሽፋኑ ያበጠ በማለት። ከጨጓራ ሽፋን ቅንጣት ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ሲጀመር፣ ዓይን ያለውና ናሙናው ያሳየው ብዙ ጊዜ አልተስማሙም። በሽታው አለ በማለታቸው ልክ ነበሩ፤ በዓይን ብቻ ይለያል በማለታቸው ግን ከልክ በላይ በዓይናቸው ተማምነዋል።

በ1943 ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወሩ፤ በ1947 ስለ ጨጓራ ብግነት ብቻ የሚያትት መጽሐፍ አወጡ። ሰባ ዓመት ሲሞላቸውም አላረፉም፤ ወደ ብራዚል ሄደው በቤሎ ኦሪዞንቴ ከተማ አስተማሩ። ባለቤታቸው ጋብሪዬለ በ1964 ዐረፉ። ሺንድለር በመጨረሻ ዘመናቸው ወደ ሙኒክ ተመለሱ፤ በ1968 በሰማንያ ዓመታቸው እዚያው አረፉ።

ከመሞታቸው አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1957፣ የእርሳቸውን መሣሪያ ወደ ሙዚየም የሚልክ ነገር ተሠርቶ ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባዚል ሂርሾዊትዝ ከፀጉር የቀጠኑ ብዙ ሺህ የመስታወት ክሮችን በአንድ አስረው፣ እያንዳንዱ ክር አንዲት የብርሃን ነጥብ የሚያሻግርበት፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ቱቦ ሠሩ። መጀመሪያ የዋጡትም ራሳቸው ናቸው። የጃፓን ሐኪሞችና መሐንዲሶች ከ1950 ጀምሮ በቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ካሜራ ገጥመው የጨጓራን ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። በ1983 በቱቦው ጫፍ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሰሌዳ ተተክሎ ምስሉ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ወጣ፤ አንድ ሐኪም ብቻውን አጎንብሶ ያየው የነበረውን ነገር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ማየት ቻለ። አሁን ያሉ መሣሪያዎች ነጩን ብርሃን ትተው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ብቻ መላክ ይችላሉ። ደም እነዚህን ብርሃናት ስለሚመጥ፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ጠቁረው ይወጣሉ፤ ገና የጀመረ ካንሰር ደግሞ ራሱን የሚገልጠው በደም ሥሮች መዛባት ነው። እንደ መድኃኒት ፍሬ ተውጦ ትንሹን አንጀት ፎቶ እያነሣ የሚያልፍ ካሜራም አለ።

የወታደሮቹ የሆድ ማቃጠል ጉዳይም በዚሁ መንገድ መልስ አገኘ። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በተጣጣፊው ቱቦ ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ጠምዛዛ ባክቴሪያ አገኙ፤ በ1982ም አሳድገው አዩት። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ ለጨጓራ ብግነትና ለብዙው የጨጓራ ቁስለት ምክንያት መሆኑ ተረጋገጠ፤ በመድኃኒትም ይጠፋል። ሁለቱ ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በጦርነቱ ዘመን የለም የተባለው በሽታ ምክንያቱም፣ መድኃኒቱም ታወቀ።

ብረቱ፣ ጎማው፣ የሌንሱ ሰልፍ ሁሉ ተለውጧል። ለጨጓራ ምርመራ የሚመጣ ሰው ግን ዛሬም ሳይበላ ይመጣል፤ ጉሮሮው ይደነዝዛል፤ ጋብሪዬለ ሺንድለር ያስተኙ እንደነበረውም በግራ ጎኑ ይተኛል።