የመረጃ ሠንጠረዦች አባት ኤድጋር ኮድ
እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1923 በፖርትላንድ ደሴት ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ አየር ኃይል አብራሪ ነበር፤ በኋላም አሜሪካ ተሻግሮ በአይቢኤም ኩባንያ ተቀጠረ።

በ1970 ባሳተመው ጥናት መረጃ በረድፍና በዓምድ በተዋቀሩ ሠንጠረዦች እንዲያዝ ሐሳብ አቀረበ። ኩባንያው ግን ከቀደመው ምርቱ ገቢ ያገኝ ስለነበር ሐሳቡን በሥራ ላይ ለማዋል ዘገየ። ኮድ ከመሟገት አልታከተም። ባልደረቦቹ ቻምበርሊንና ቦይስ በዚሁ መሠረት ላይ ኤስኪውኤል የተባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ ቀረጹ።

ብዙዎች አንድ ስም በሚጋሩበት መዝገብ ስምን ለብቻ፣ የልደት ቀንን ለብቻ መፈተሽ አንዱን ሰው በሌላው ያሳስታል። በዚህ ቋንቋ ግን ሁለቱ ዓምዶች ተጣምረው፣ ውስጣዊው ጥያቄ ካወጣቸው ጥንዶች ጋር በአንድነት ይነጻጸራሉ።

ኮድ በ1981 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2003 በ79 ዓመቱ ዐረፈ።