ሸክም ተሸካሚው የኤቨረስትን ጫፍ ሲረግጥ

ኤቨረስትን መጀመሪያ ማን ወጣው ሲባል ብዙዎቻችን ኤድመንድ ሂላሪ ብለን እንመልሳለን። ግን በዚያ ቀን ጫፉ ላይ የተነሳውን ፎቶ ልብ ብላችሁ እዩት። የበረዶ መጥረቢያውን ከፍ አድርጎ የቆመው ሂላሪ አይደለም፤ ቴንዚንግ ኖርጌይ ነው። ዛሬ የእሱን ታሪክ እንንገራችሁ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)።

ቴንዚንግ በ1914 ከድሃ ከብት አርቢ የሸርፓ ቤተሰብ ተወለደ። ማንበብና መጻፍ አልተማረም። ገና ወጣት ሳለ ከቤቱ ጠፍቶ ህንድ፣ ዳርጂሊንግ ከተማ ገባ። ተራራ የሚወጡት ነጮች ሸክም ተሸካሚ የሚቀጥሩት እዚያ ነበርና።

በ1935 ሥራ ቀናውና ለእንግሊዞች ዕቃ መሸከም ጀመረ። ያኔ ኔፓል ለውጭ ሰው ዝግ ስለነበረች ኤቨረስት የሚሞከረው በሰሜን፣ በቲቤት በኩል ነበር። በዚህ መንገድ አራት ጊዜ ሄደ፤ አራቱም አልተሳካም።

በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ቲቤት ተዘጋች፣ ኔፓል ተከፈተች። አዲሱ የደቡብ መንገድ መጀመሪያ እየተሰነጠቀ በሚናደው የኩምቡ በረዶ ያልፋል። ቀጥሎ የሎትሴን ተራራ የበረዶ ግድግዳ ወጥቶ 7,900 ሜትር ገደማ ላይ ሳውዝ ኮል የሚባል ነፋሻ ቦታ ይደርሳል። ከዚያ በደቡብ ምሥራቅ ጠርዝ ወደ ጫፉ ነው። በ1952 ቴንዚንግ ከስዊዞች ጋር ሁለት ጊዜ ሞከረ። አንዴማ ከሬይሞንድ ላምበርት ጋር ሆኖ 250 ሜትር ገደማ ሲቀረው ተመለሰ።

ሰባተኛው ሙከራ በ1953 ከእንግሊዝ ቡድን ጋር ሆነ። ሂላሪ የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ሲወድቅ ገመዱን ይዞ ያተረፈው ቴንዚንግ ነው። ሜይ 29፣ በእኛ ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 5:30 ላይ ሁለቱ ጫፉን ረገጡ። 8,849 ሜትር! ቴንዚንግ እንደ ቡድሃ እምነቱ ጣፋጭ ነገር በረዶው ውስጥ ቀበረ። 15 ደቂቃ ያህል ቆይተው ወረዱ።

ታች ሲደርሱ ግን ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው፦ ማን ቀድሞ ረገጠ? ሂላሪ ሰር ተባለ፣ ቴንዚንግ ሜዳሊያ ተሰጠው። ብዙ የኔፓልና የህንድ ሰው እሱ ቀደመ እንዲል ይፈልግ ነበር። ቢል ማን ያስተባብለው ነበር? እሱ ግን በ1955 በወጣው የሕይወት ታሪኩ ሂላሪ በጥቂት እርምጃ እንደቀደመ ራሱ ተናገረ። ለእሱ ዋናው ነገር በአንድ ገመድ ታስረው አብረው መውጣታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዳርጂሊንግ በተከፈተው የተራራ መውጣት ማሠልጠኛ ለዓመታት ወጣቶችን አስተማረ። በ1986 እዚያው አረፈ።

እናም ጥያቄው ሲነሳ ሁለቱንም ስም እንጥራ። ሸክሙን የተሸከመው ሰው ስም ከፎቶው ሥር እንዳይጠፋ።