አዝማች ጌራ፤ ዜማን በምልክት የጠበቁ ሊቅ

ፓለስትሪና በ1554 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የቅዳሴ ዜማ መጽሐፉን በሮማ ሲያሳትም፣ በአገራችን ዐፄ ገላውዴዎስ (1540-1559 እ.ኤ.አ.) ነግሠው ነበር። በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ የተድባበ ማርያሙ አዝማች ጌራ ናቸው። ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጦርነት አድባራት ተቃጥለው፣ መጻሕፍት ጠፍተው፣ መምህራን አልቀው፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። አዝማች ጌራ ከባልንጀራቸው ከአዝማች ራጉኤል ጋር በድጓው ንባብ ላይ በጥቃቅን ፊደላት የሚጻፈውን ምልክት እንደ ሠሩ ትውፊት ይነግረናል። ምልክቱ ዜማውን ከመምህር የተማረውን ያስታውሰዋል እንጂ ያልተማረውን አያስተምረውም። ከፎገራ በስተ ምሥራቅ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም፣ ድጓ የሚመሰከርባት ደብር፣ ለዚህ ምስክር ናት። በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ እኛ ካቶሊካውያንም የዚሁ ቅርስ ወራሾች ነን። እንግዲህ ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ለሕፃናቱ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ድምፃችሁንም ስጧቸው።