በፈተና ብቻ የተገኘ ዲግሪ - የመምህር ኤች ጂ ዌልስ ሕይወት

ኤች ጂ ዌልስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስለማይታየው ሰውና በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዘው መኪና የጻፈውን እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። ሰውዬው ከደራሲነቱ በፊት መምህር እንደነበረ፣ ለዚያውም እንደኛው ከመምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ በመጨረሻው ፈተና ወድቆ የወጣ መምህር እንደነበረ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ኋላ ላይ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ያገኘው ደግሞ በዩኒቨርሲቲው አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ሳይከታተል፣ ፈተናውን ብቻ ተፈትኖ ነው። ክፍል ሳይገቡ የሚያገኙት ወረቀት ዋጋ አለው ወይስ የለውም እያልን በየመኝታ ቤታችን ለምንከራከር ሠልጣኞች የዚህ ሰው ታሪክ ይጠቅመናል ብለን እነሆ አቅርበነዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሄርበርት ጆርጅ ዌልስ የተወለደው መስከረም 21 ቀን 1866 ከለንደን አጠገብ በምትገኘው በብሮምሊ ከተማ ነው። አባቱ ጆሴፍ ዌልስ የሸክላ ዕቃና የክሪኬት መጫወቻ የሚሸጥበት፣ ገበያ የራቀው ሱቅ ነበረው። ቤተሰቡ እንዳይራብ የሚደጉመው አባትዬው ክሪኬት እየተጫወተ በሚያገኘው ገንዘብ ነበር። እናቱ ሣራ ኒል ከማግባቷ በፊት በጌቶች ቤት ገረድ ነበረች። ልጁ በ1874 እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ሲውል አባቱ መጽሐፍ እየተዋሰ ያመጣለት ጀመር፤ የንባብ ፍቅሩም የተጀመረው ያኔ ነው ይባላል። በ1877 ደግሞ በተራው አባትየው እግሩን ተሰበረ። ክሪኬቱም ቀረ፣ ገንዘቡም ቀረ። እናትየው ወደ ቀድሞ ጌቶቿ ቤት፣ አፕፓርክ ወደሚባለው ትልቅ ግቢ፣ የቤት ኃላፊ ሆና ተመለሰች። ልጁም በ14 ዓመቱ ከትምህርት ወጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅ ሆነ።

በመጀመሪያው ሱቅ ብዙም ሳይቆይ አይረባም ተብሎ ተባረረ። ከዚያ በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ ረዳት አስተማሪ፣ ቀጥሎ በሚድኸርስት ከተማ የመድኃኒት ቤት ተለማማጅ ሆነ። ለመድኃኒት ቤት ሥራ ላቲን ማወቅ ግዴታ ስለነበር የከተማዋ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሚስተር ሆራስ ባያት ያስተምሩት ጀመር። እኚህ ሰው ልጁ ትምህርትን እንዴት እንደሚውጥ አይተው ተደነቁ። ነገር ግን የመድኃኒት ቤቱ ሥልጠና ክፍያ ከእናቱ አቅም በላይ ሆነና በ1881 ሳውዝሲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወደሚገኝ ሌላ ጨርቅ ሱቅ ተላከ። በዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀኑን ሙሉ ጣቃ እያነሣና እየጣለ፣ ሌሊት ከሌሎች ተለማማጆች ጋር በአንድ አዳራሽ እየተኛ ኖረ። እናቱ በብድርና በቁጠባ ለቀጣሪዎቹ የከፈለችው ገንዘብ ስለነበር በቃኝ ማለት ቀላል አልነበረም። አንድ እሑድ ግን ቁርሱን ሳይበላ ተነሥቶ 17 ማይል፣ ማለትም 27 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ አፕፓርክ ደረሰና ሱቁን እንደሚተው ለእናቱ ነገራት። እናት ምን ታድርግ! ለብዙ ጊዜ ስታስብ ቆይታ በመጨረሻ እሺ አለች። እነዚያ ሚስተር ባያትም በ1883 ረዳት መምህር አድርገው ወሰዱት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ስለዚያ ዘመን የፈተና አሠራር እናውራ፤ ነገሩ ያስገርማልና። በእንግሊዝ መንግሥት የማታ የሳይንስ ትምህርትን ለማስፋፋት ብሎ ፈተና ላለፈ ተማሪ ሁሉ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ሚስተር ባያትም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ራሳቸው እንኳ በደንብ የማያውቋቸውን የሳይንስ ትምህርቶች በማታ ክፍል ከፈቱ። ተማሪው ማን ነው? ዌልስ ብቻ! ልጁ መጽሐፉን ይዞ ያነብባል፣ ዲሬክተሩ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤያቸውን ይጽፋሉ፤ በወረቀት ላይ ግን ክፍል ተካሂዷል። ዌልስ በግንቦት ፈተናውን ሲፈተን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ አለፈ፤ ትምህርት ቤቱም ገንዘቡን ተቀበለ። አንዳንዶቻችን ይህ ማጭበርበር ነው እንላለን፣ ሌሎቻችን ደግሞ አንባቢ ልጅን በሰላም እንዲያነብ መተው ራሱ ማስተማር ነው እንላለን። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ሚስተር ባያት ልጁን ለብቻው ቢተዉትም ጊዜ፣ መብራትና መጽሐፍ ሰጥተውታልና።

ውጤቱን ያየው የትምህርት መሥሪያ ቤት በለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን ወደሚገኘው የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ፣ ኖርማል ስኩል ኦፍ ሳይንስ ወደሚባለው፣ በነፃ እንዲገባ ፈቀደለት። በሳምንት አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሽልንግ የኪስ ገንዘብም ተቆረጠለት። እሱም ለምግቡም ለቤቱም ለልብሱም ነው። የኪስ ገንዘብ ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት እንዴት እንደሚያልቅ ለኛ ማንም አያስረዳንም!

በ1884 እንደገባ የመጀመሪያውን ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩት ስመ ጥሩው ፕሮፌሰር ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ነበሩ። የዳርዊንን ሐሳብ በአደባባይ የተከራከሩለት እኚህ ሰው በዚያን ጊዜ አርጅተውና ታመው ስለነበር ዌልስ ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዱ ነው። በእሳቸው ትምህርት አንደኛ ደረጃ አገኘ። በሁለተኛው ዓመት ፊዚክስ መጣና ስሜቱ ቀዘቀዘ። በሦስተኛው ዓመት ጂኦሎጂ ሲመጣ ጭራሽ ልቡ ሸፈተ። ክርክር ክበብ ውስጥ ገብቶ ስለ ሶሻሊዝም ይሟገታል፣ የተማሪዎች መጽሔት ያቋቁማል፣ ያዘጋጃል፤ ድንጋዮቹን ግን ማን ይያቸው? በ1887 የጂኦሎጂውን የመጨረሻ ፈተና ወደቀ። ዲግሪ የለ፣ የነፃ ትምህርቱም አለቀ። በኛም ኢንስቲትዩት በክበቡና በጋዜጣው ሥራ ተጠምዶ ማስታወሻ ደብተሩን የረሳ አይጠፋም፤ ስም አንጠራም።

ከዚያ በኋላ የደረሰበት መከራ ብዙ ነው። በዌልስ አገር በምትገኝ ሆልት በምትባል ትንሽ ቦታ በአንድ ደካማ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት ከተማሪዎች ጋር እግር ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ኩላሊቱ ተጎዳ፤ ደምም ይተፋ ጀመር። አፕፓርክ እናቱ ዘንድ ተመልሶ ወራት ተኛ። ሲሻለው በ1888 ወደ ለንደን ተመለሰና በ1889 መጀመሪያ ኪልበርን በሚባል ሰፈር ሄንሊ ሀውስ በተባለ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ጆን ሚልን ነበሩ፤ በኋላ ዊኒ ዘ ፑህ ስለሚባለው ድብ ለሕፃናት የጻፈው የኤ ኤ ሚልን አባት ናቸው። ልጅዬውም የዌልስ ተማሪ ነበር።

ታዲያ ዲግሪው እንዴት መጣ? የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1836 ሲቋቋም አስተማሪ ሳይሆን ፈታኝ ነበር። ኮሌጆች ያስተምራሉ፣ እሱ ይፈትናል፣ ዲግሪ ይሰጣል። በ1858 ደግሞ ከነዚያ ኮሌጆች ያልገባም ሰው ቢሆን ለፈተናው እንዲቀርብ ተፈቀደ፤ ከ1878 ጀምሮ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ዲግሪ እንዲያገኙ ሆነ። ከሱቅ ሠራተኛው ጀምሮ እስከ ገጠር አስተማሪው ድረስ፣ ያለቀው መብራት ካላስቸገረው በቀር፣ ቤቱ ሆኖ አንብቦ መፈተን ቻለ። እኛ የግል ተፈታኝ የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ለነገሩ ማትሪክ የምንለው ቃል ራሱ ከነሱው ማትሪኩሌሽን የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ እሱ ነበር። ቀጥሎ የመካከለኛው ፈተና፣ በመጨረሻም የዲግሪው ፈተና ይመጣል። ዝቅተኛው ዕውቀት ሳይለካ ወደ ላይ መዝለል የለም።

ዌልስ ቀን ሕፃናት እያስተማረ፣ ማታ እያነበበ የመካከለኛውን ፈተና በ1889 አለፈ። በዚሁ ጊዜ የመምህራንን ችሎታ እየፈተነ ዲፕሎማ የሚሰጥ ኮሌጅ ኦፍ ፕሪሴፕተርስ የሚባል ማኅበር ነበርና የሱንም ፈተና ወሰደ። በትምህርት ንድፈ ሐሳብና አሠራር፣ በሒሳብና በተፈጥሮ ሳይንስ የተመደቡትን ሦስት ሽልማቶች ጠቅልሎ ወሰደ። በ1890 የሳይንስ ባችለር ዲግሪውን በዙኦሎጂ በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ አገኘ። ደስ የሚለው ሌላው ነገር ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት በወደቀበት በጂኦሎጂም በሁለተኛ ደረጃ ማዕረግ አለፈ! ያስጠላው ድንጋይ አስተማሪ ሲቀርለትና ጊዜውን ራሱ ሲመድብ ተወደደለት ማለት ነው? እኛ እንደሚመስለን ድንጋዩ ያው ነው፤ ለዲግሪው ብሎ የተቀመጠው ሰው ግን በሽታንና ሥራ አጥነትን ያየ፣ 24 ዓመት የሞላው ሌላ ሰው ነበር።

ሆኖም ያለ ማንም እርዳታ ብቻውን ተማረ ብለን ማጋነን አይገባንም። ዙኦሎጂ በመጽሐፍ ብቻ አይፈተንም፤ ጥንቸልና እንቁራሪት ቀዶ ማሳየት ያስፈልጋል። ያንን እጁ የተማረው በሀክስሊ ላቦራቶሪ ነው። ሰነድ የሌለው ዕውቀት ነበረው፤ ፈተናው ያደረገው ያንን አውጥቶ ማስመዝገብ ነው። ላቦራቶሪ ገብቶ የማያውቅ የገጠር ተፈታኝ ግን ያው ፈተና በሩን ቢከፍትለትም ማይክሮስኮፕ አይሰጠውም ነበር። ክርክራችን ላይ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ዌልስ ራሱ ይህን ክፍተት አይቷል፤ ምክንያቱም እንጀራው ሆነ። ዊልያም ብሪግስ የሚባል ሰው በ1887 ለግል ተፈታኞች በደብዳቤ የሚያስተምር ኮሌጅ አቋቁሞ ነበርና ዌልስ ከዲግሪው በኋላ እዚያ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆነ። በፖስታ የሚመጣ መልስ ያርማል፤ ለንደን ለሚመጡት ደግሞ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቀዶ ጥገናውን ያሳያል። ለእነዚሁ ተፈታኞች በ1893 የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። የመጀመሪያ መጽሐፎቹ ልብ ወለድ ሳይሆኑ እንዲህ ያሉ የመማሪያ መጻሕፍት መሆናቸውን ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ በፈተና ላይ የሰላ ትችት ይጽፍ ነበር። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄ እየቆጠሩ መልስ ማሸምደድ ተማሪውን ያሳልፈዋል እንጂ ሳይንስ አያስተምረውም የሚል ነበር አቋሙ። በፈተና የኖረ ሰው ፈተናን ሲነቅፍ ውለታ ቢስ ነው የሚሉት አሉ። የምግቡን ጉድለት ከወጥ ቤቱ ሠራተኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

በግንቦት 1893 ሳንባው ክፉኛ ደማና ማስተማሩን ተወ። አልጋ ላይ ሆኖ መጻፍ ስለሚቻል መጻፍ ጀመረ። የጊዜ መኪናው በ1895፣ የማይታየው ሰው በ1897፣ የዓለማት ጦርነት በ1898 ወጡ። ያለውን ሁሉ ብንዘረዝር ግድግዳው አይበቃንም፤ የጋብቻውንም ጣጣ ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል።

የወደቀበት ማሠልጠኛ በኋላ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሳይንስ ተብሎ በ1907 የኢምፔሪያል ኮሌጅ አካል ሆነ። የለንደን ዩኒቨርሲቲም ለውጭ ተፈታኞች የከፈተውን በር አልዘጋም፤ ኔልሰን ማንዴላ በእስር ቤት ሳሉ የሕግ ትምህርት የተከታተሉት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ዲግሪውን ግን በ1989 የሰጣቸው የደቡብ አፍሪካው የርቀት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዌልስ ደግሞ በዓለም የታወቀ ደራሲ ሆኖ፣ ማንም ማስረጃ በማይጠይቀው ዕድሜ፣ በባዮሎጂ ጉዳይ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። በ1943 የሳይንስ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ነሐሴ 13 ቀን 1946 በለንደን ቤቱ በ79 ዓመቱ ዐረፈ።